የአይሮፕላን ሰዓትና የደባርቅ መንገድ

በዳባት ገበያ እህሉን አስቀምጦ ገዢ የሚጠብቅ ገበሬ አንዳንድ ቀን ቀና ሲል በጠራው ሰማይ ላይ ነጭ መሥመር እየተወ ወደ ሰሜን የሚያልፍ አይሮፕላን ያያል። ነጩ መሥመር ገና ሳይበተን አይሮፕላኑ ከስሜን ተራራዎች ማዶ ይሰወራል። ገበሬው ግን ገበያው ሲፈታ አህያውን እየነዳ ከቤቱ የሚገባው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። በአንድ ቀንና በአንድ ስፍራ፣ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ሆኖ፣ ሁለት ዓይነት የመንገድ አቆጣጠር ይታያል ማለት ነው።

ስለ አይሮፕላን ጉዞ በተነሣ ቁጥር ዘወትር የሚጠየቀው «ከዚህ ከተማ እስከዚያ ከተማ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ስንት ሰዓትስ ይፈጃል?» የሚል ጥያቄ ነው። መልሱ በቁጥር ስለሚሰጥ የማያወላውል ይመስላል። እኛ ግን ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ወስደን ልንመረምረው አሰብን። ለተማሪውም፣ በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ ዕቅድ ለሚያዘጋጀው ወጣት ሠራተኛም፣ ሒሳቡ የሚጠቅም ሆኖ አግኝተነዋልና።

በመጀመሪያ ቁጥሩን እናስቀምጥ። ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር በአየር ላይ በቀጥታ ቢለካ 420 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና መንገድ ግን በደጀንና በባሕር ዳር በኩል ሲኬድ ከ700 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ልዩነቱ ከየት መጣ ቢባል፣ መኪና ተራራውን ይዞራል፣ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ይወርዳል፣ ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ዳገቱን ይወጣል። አይሮፕላኑ ያንኑ ገደል በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል፤ በመስኮት ያልተመለከተ መንገደኛ ዓባይን መሻገሩን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

ወደ ጎንደር የሚበረው ባለ ሁለት ሞተር ባለ ፕሮፔለር አይሮፕላን ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ሒሳብ 420 ኪሎ ሜትሩን በ40 ደቂቃ መጨረስ ነበረበት። ነገር ግን ጉዞው በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው አንድ ሰዓት ያህል ተብሎ ነው። ተማሪው ሒሳቡ የተሳሳተ ሊመስለው ይችላል፤ አልተሳሳተም። አይሮፕላን እንደ ጥይት ከተነሣበት እስከሚያርፍበት በአንድ ፍጥነት አይሄድም። ከቆመበት ተነሥቶ ወደ መንደርደሪያው ሜዳ እስኪደርስ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ሽቅብ ሲወጣ ፍጥነቱ ያነሰ ነው፤ ሊያርፍም ሲል አስቀድሞ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ተራውንም ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ጉዞው አጭር ቢሆንም ረጅም ቢሆንም አይቀርም። ስለዚህ ጉዞ ባጠረ መጠን አይሮፕላን በፍጥነቱ የሚያተርፈው እያነሰ ይሄዳል።

እስቲ ደግሞ ወደ ኋላ መለስ ብለን እንመልከት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሥራውን በ1938 ዓ.ም. ሲጀምር የነበሩት አይሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ዳኮታዎች ናቸው። ዳኮታ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ያህል ይበር ስለነበር 420 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃው ነበር። ከዚያ ወዲህ በ1955 ዓ.ም. ጄት መጣ። የልደታው ሜዳ ለጄት አልበቃ ስላለ ቦሌ ተሠራ። በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ ድሪምላይነር የሚባለው ቦይንግ 787 ገባ፤ በአፍሪካም የመጀመሪያው ሆነ። ይህ ሁሉ የሚያኮራ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ለጎንደር መንገደኛ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት በአየር ላይ የተቀነሰለት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ይህን ግማሽ ሰዓት አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

አሁን ከጎንደር ወደ ሰሜን እንሂድ። ዳባት ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ደባርቅ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። መንገዱ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል የወገራን ደጋ ይዞ ይሄዳል፤ ገብሱና ስንዴው ግራና ቀኝ ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የቆመች፣ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫና የስሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ በር ናት። ከዚያ ማዶ ምድሩ ድንገት ይቆረጣል። ሊማሊሞ የሚባለው ገደል ይህ ነው።

በጠጠሩ ዘመን ከጎንደር ደባርቅ ለመድረስ አውቶቡሱ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጅበት ነበር። በክረምት ጭቃ ሲሆንማ ሰዓቱን ማንም አይቆጥረውም። መንገዱ አስፋልት ከለበሰ በኋላ ግን፣ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ ጉዞው ሁለት ሰዓት ያህል ሆነ። እንግዲህ ያንን ግማሽ ሰዓት እዚህ ላይ እናምጣው። ከዳኮታ ጀምሮ የአይሮፕላን ሞተር ሠሪዎች ሁሉ ተባብረው ለደባርቅ ሰው ያተረፉለት ግማሽ ሰዓት ነው። ድንጋይ ፈላጩ፣ ሬንጅ አፍሳሹና መንገድ ጠጋኙ ግን በ100 ኪሎ ሜትር ብቻ ከዚያ ከሁለት እስከ አራት እጥፍ አተረፉለት። ይህንን ስንል አየር መንገዱን ለማሳነስ አይደለም። ጊዜ የሚጠፋበትን ስፍራ በትክክል ሳያውቁ ጊዜ ለማትረፍ መነሣት ከንቱ ድካም መሆኑን ለማሳየት ነው።

ነገሩ ይበልጥ እንዲገለጥ፣ ከደባርቅ ተነሥቶ በዚያው ቀን አዲስ አበባ ጉዳዩን መፈጸም የፈለገ አንድ ሰው ብናስብ እንዲህ ይሆናል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት መናኸሪያ ይደርሳል። መኪናው ሞልቶ ተነሥቶ በዳባትም ሰው አውርዶ ጎንደር ሲገባ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። የጎንደር አይሮፕላን ማረፊያ በአዘዞ፣ ከከተማው በስተደቡብ ነው፤ የደባርቅ መንገድ የሚገባው ግን በሰሜን በኩል ስለሆነ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር መሻገር አለበት። ሌላ መኪና ተከራይቶ እዚያ ሲደርስ 2 ሰዓት ተኩል ሆነ። ለፍተሻና ለዕቃ ምዝገባ ሁለት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ግዴታ ነው፤ ስለዚህ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ይነሣል፣ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ ያርፋል። ዕቃውን ተቀብሎ፣ ታክሲ ይዞ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ሲደርስ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ሹሙም ለምሳ ወጥቷል።

በዚህ ጉዞ ሰባት ሰዓት ተኩል ጠፍቷል። ከዚህ ውስጥ ሰውየው በአየር ላይ የነበረው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። ነገ ጧት ሌላ እጥፍ ፈጣን አይሮፕላን ቢመጣ ሰባት ሰዓት ተኩሉ ሰባት ሰዓት ይሆናል እንጂ ሌላ ለውጥ የለም፤ ምሳውም አይተርፍለትም። መንገዱና ጥበቃው ግን በጥቂቱ እንኳ ቢሻሻል ውጤቱ ወዲያው ይታያል። ገንዘቡንም አንርሳ። ለአይሮፕላን የሚከፈለውን ያላገኘ ሰው ያንኑ መንገድ በአውቶቡስ ተሳፍሮ በመካከል አድሮ ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ ደባርቅ ለአንዱ የግማሽ ቀን፣ ለሌላው የሁለት ቀን መንገድ ናት፤ ካርታው ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

አባቶቻችን ይህንን ነገር ሳያውቁት የቀሩ አይመስለንም። መንገድን የሚለኩት በቀን ነበር፤ «የግማሽ ቀን መንገድ»፣ «በበቅሎ የሦስት ቀን መንገድ» ይሉ ነበር። ይህ አነጋገር ላልተማረ ሰው የቀረ ኋላ ቀር ልማድ የሚመስለው ተማሪ ብዙ ነው። ነገር ግን በዚህ አለካክ ውስጥ ዳገቱም፣ ወንዙም፣ ክረምቱም፣ የበቅሎዋም ጉልበት ይቆጠራሉ። አንድ ጊዜ በደባርቅ መናኸሪያ አንድ ሽማግሌ አግኝተን «አባቴ፣ ከዚህ ዓዲ አርቃይ ስንት ኪሎ ሜትር ይሆናል?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጄ፣ ኪሎ ሜትሩን መንግሥት ያውቀዋል፤ እኔ የማውቀው በጕብዝናዬ ጧት ከወጣሁ ዛሪማ ማደሬን ነው» አሉን። ጂኦግራፊ የተማረ ሰው ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ መልስ መስጠቱን እንጠራጠራለን።

ሊማሊሞ የቆየ የመንገደኛ ፈተና ነው። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመጣው ነጋዴ ሁሉ ይህንን ዳገት መውጣት ነበረበት። የስኮትላንዱ መንገደኛ ጀምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ፣ በየደረሰበት እየቆየ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር እስኪገባ ሦስት ወር ያህል ፈጅቶበታል። በምጽዋና በጎንደር መካከል ያለው የአየር ርቀት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ካለው እንኳ በጥቂት ያንሳል። በኋላ በጠላት ወረራ ዘመን ኢጣልያኖች በገደሉ ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወርደውን የመኪና መንገድ አወጡ። ከደባርቅ ብርድ ተነሥቶ የዛሪማ ቆላ ሲደርስ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዷል፤ ጋቢውን አውልቆ ውሃ ይጠይቃል። ጆፌ አሞራ ከገደሉ አፋፍ ክንፉን ዘርግቶ በጥቂት ደቂቃ የሚደርስበትን ታች ያለ መንደር፣ የጭነት መኪና እያቃሰተ በፍሬን ነው የሚደርስበት።

ከዚህ ላይ ጎንደርንና አክሱምን እንደ ምሳሌ ብንወስድ ጥሩ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል በአየር ያለው ርቀት 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀድሞ ጎብኚዎችን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ላሊበላና ወደ አክሱም እያዞረ ያደርስ የነበረው የአየር ጉዞ እንዲህ ያለውን ርቀት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰው ነበር። በመኪና ግን በዳባት፣ በደባርቅ፣ በሊማሊሞ፣ በዓዲ አርቃይ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ በሽሬ በኩል አክሱም ለመድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ሙሉ ቀን ይፈጅ ነበር። በመስኮቱ ራስ ዳሸንን ያየው ጎብኚ «ስሜንን አየሁ» ብሎ ይሄዳል። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ተራራ ለእርሱ የሁለት ደቂቃ ትርኢት ነው። በስሩ ያለው የደባርቅ ሰው ግን አክሱምን ለመሳለም ቢፈልግ፣ ወይ ሊማሊሞን መውረድ ወይም 100 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ፣ ወደ ጎንደር፣ መመለስ ነበረበት። አይሮፕላን ሁለት ጫፎችን ያቀራርባል፤ በመካከል ያለውን አገር ግን ባለበት ይተወዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ቀድሞ በዚያ ያልፍ የነበረውን መንገደኛ ስለሚወስድበት ያርቀዋል።

የሩቁን ዓለም ጉዞ ብንመለከት ይኸው ነገር ይበልጥ ይጎላል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በአጭሩ መሥመር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከስሜንና ከወገራ ወጥተው በዚያች አገር የሚኖሩ ልጆች ስላሉ ጉዳዩ ለደባርቅ እንግዳ አይደለም። በዚህ ጉዞ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የመሥመሩ ነገር ነው። በክፍል ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካርታ አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በማስመሪያ ቢያገናኟቸው መሥመሩ ከአፍሪካ የሚወጣው በምዕራብ ሰሐራ ጠረፍ ነው። ሉል ያለው ትምህርት ቤት ግን ክር ይዞ ሁለቱን ከተሞች ጠበቅ አድርጎ ቢያገናኝ፣ ክሩ ወደ ሰሜን ይታጠፍና በእስፓኝና በፖርቱጋል ላይ ያልፋል፤ የጉዞውም እኩሌታ ፖርቱጋል ላይ ይውላል። ምድር ድቡልቡል ስለሆነች አጭሩ መንገድ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ጎባጣ መስሎ ይታያል። አይሮፕላኖች በተቻለ መጠን ይህንን ክር ይከተላሉ፤ ዘወትር ግን አይፈቀድላቸውም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣና የአየር ክልሉ ሲዘጋ፣ ቀድሞ በዚያ ያልፉ የነበሩ ብዙ አይሮፕላኖች ዞረው ለመብረር ተገደዋል። ሊማሊሞ ሲዘጋ የጭነት መኪና እንደሚቸገረው ሁሉ አይሮፕላንም መንገድ ይዘጋበታል።

ሁለተኛው የመሬት መዞር ነገር ነው። «ምድር ወደ ምሥራቅ የምትዞር ከሆነ፣ ወደ ምዕራብ የሚበር አይሮፕላን ዋሽንግተን እየመጣችለት ቶሎ መድረስ አልነበረበትምን?» ይላሉ። ጥያቄው ብልህ ነው፤ መልሱ ግን አይደለም ነው። አየሩም ከምድር ጋር አብሮ ይዞራል። በሚሄድ አውቶቡስ ውስጥ የምትበር ዝንብ ከኋላው መስታወት ጋር እንደማትላተም ሁሉ፣ አይሮፕላንም በአየሩ ውስጥ ሆኖ አብሮ ይወሰዳል። እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ በተለይ ከአውሮጳና ከአትላንቲክ በላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ፤ በክረምታቸው ጊዜ ብዙ ጊዜ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አይሮፕላን ይህንን ነፋስ ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል፤ ወደ እኛ የሚመለሰውን ግን ከኋላ ይገፋዋል።

ሦስተኛው የከፍታ ነገር ሲሆን የስሜንን ልጅ የሚመለከተው ይህ ነው። ከዋሽንግተን የሚነሣው አይሮፕላን በአንድ ጉዞ፣ ሳያርፍ፣ በ13 ሰዓት ያህል አዲስ አበባ ይገባል። ከአዲስ አበባ ወደዚያ የሚሄደው ግን ለዓመታት በደብሊን ወይም በሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲጨምር ቆይቷል፤ ጉዞውም ከ16 ሰዓት በላይ ይሆናል። ነፋሱ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ቦሌ ራሱ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ስፍራ ላይ ነው፤ በዚያ ያለው አየር በባሕር ዳር ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ክንፉን አጥብቆ አይሸከምም፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንሳል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ዕቃና ሙሉ ነዳጅ ይዞ ከዚያ መነሣት ይቸግረዋል፤ አንዱን መቀነስ አለበት። ነዳጁን ቀንሶ ይነሣና ዝቅ ካለ አገር ላይ ይሞላል። በደባርቅ አየሩ ከዚህም ይሳሳል፤ ከባሕር ዳሩ ሩቡ ያህል የለም። የደባርቅ እናት ባቄላዋ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገይባት የሚያውቅ ተማሪ፣ ውሃው በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ መሆኑን የተረዳ ተማሪ፣ የቦሌን ነገር ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። መንሥኤው ያው የአየሩ መሳሳት ነው።

እንግዲህ ከዋሽንግተን የሚመለሰውን የደባርቅ ልጅ እንከተለው። 11,500 ኪሎ ሜትሩን በ13 ሰዓት ጨርሶ ቦሌ ወረደ። ለጎንደሩ በረራ ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቀ፤ አንድ ሰዓት በረረ፤ ከአዘዞ ተነሥቶ ጎንደርን ተሻግሮ ደባርቅ ለመግባት ሌላ ሦስት ሰዓት። ለቀረው ጉዞ ሰባት ሰዓት ጠፋ። ርቀቱ ከጠቅላላው ጉዞ ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም፤ ከጊዜው ግን ሲሶውን ወሰደ። ይህም ሁሉ ነገር በሰዓቱ ከሆነና መንገዱ ክፍት ከሆነ ነው።

መንገዱ ክፍት ከሆነ ያልነው በከንቱ አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት ሲነሣ ወደ አክሱም የሚደረገው በረራ ቆመ፤ ማረፊያው ተበላሽቶ ስለነበረ አይሮፕላን እንደገና ያረፈበት በ2016 ዓ.ም. ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ፤ ሊማሊሞም የጦር ግንባር ሆነ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የጎንደር በረራ ለጥቂት ቀን ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የአንድ ሰዓቱ በረራ ቀርቶ የኪሎ ሜትሩ ቁጥር ብቻ በካርታው ላይ ይቀራል። በደባርቅ በቅሎ የሚያከራየው፣ ጎብኚ የሚመራው፣ ጠመንጃ ይዞ ጎብኚ የሚያጅበው ሰው ሁሉ ኑሮው በዚያ በረራ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ነውና ጉዳቱ መጀመሪያ የሚታየው በእርሱ ጓዳ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ በ1970 ዓ.ም. ከዓለም ቅርስ ሲመዘገብ፣ ዋልያውና ጭላዳው በዓለም ዘንድ ታወቁ። የታወቀ ነገር ግን የሚደርሱበት ካልሆነ ለባለቤቱ እንጀራ አይሆንም።

ከዚህ በመነሣት «ታዲያ ለደባርቅ የራሷ አይሮፕላን ማረፊያ አይሻላትም?» የሚል ሰው ይኖራል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ከአዲስ አበባ ደባርቅ በአየር 475 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በረራው ከጎንደሩ ብዙም አይረዝምም፤ አይሮፕላን ለተሳፈረ ሰው ሦስት ሰዓት ያህል ያተርፍለታል። ነገር ግን በ2,850 ሜትር ላይ የሚሠራ ሜዳ ረጅም መሆን አለበት፤ አይሮፕላኑም ጭነቱን እየቀነሰ ነው የሚነሣው። ከሁሉ በላይ የሚጠቀምበትን ሰው መቁጠር ያስፈልጋል። አይሮፕላን የሚሳፈረው ጥቂት ነው። በአስፋልቱ ላይ ድንቹን፣ ገብሱንና በጉን ጭኖ የሚሄደው ግን አገሩ ሁሉ ነው። ወጣቱ ሹም ገንዘብ ተሰጥቶት ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ቢባል፣ እኛ በበኩላችን መጀመሪያ ሊማሊሞን፣ ቀጥሎም ወደ ጃን አሞራና ወደ በየዳ የሚወስደውን መንገድ እንመርጥለታለን።

በየዳን ያነሣነው በምክንያት ነው። እስካሁን ስንቆጥር የቆየነው ከደባርቅ መናኸሪያ ጀምሮ ነው። ደባርቅ ግን የጉዞው መነሻ የሆነችው ለከተማው ሰው ነው። ከተራራው ማዶ ባሉት ቀበሌዎች ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተይዛ፣ ጎረቤቱ እየተፈራረቀ ተሸክሟት፣ የመኪና መንገድ እስክትደርስ የሚጠፋው ጊዜ በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም። ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን የሚሄደው መንገድ ራሱ ለብዙ ዓመት በፓርኩ መካከል የሚያልፍ በመሆኑ፣ ለዋልያው ሲባል ከፓርኩ ውጭ ሌላ መንገድ እንዲወጣ ተደርጓል። አውሬውን ማዳንና ሰውን ማድረስ ተጋጭተው መፍትሔ የተፈለገበት ሥራ ስለሆነ ወጣት ሠራተኞች ሄደው ቢያዩት ይማሩበታል።

በደባርቅና በዳባት ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ሥራ እንተውላቸዋለን። ከቤታቸው እስከ ጎንደር ሆስፒታል፣ ከቤታቸው እስከ አዲስ አበባ ያለውን ጉዞ በሠንጠረዥ ይጻፉት፤ በአንድ ዓምድ ኪሎ ሜትሩን፣ በሁለተኛው ሰዓቱን፣ በሦስተኛው የሚከፈለውን ብር፣ በአራተኛው ደግሞ በክረምት የሚጨመረውን ጊዜ ያኑሩ። አይሮፕላኑን ከታች አካባቢ ያስገቡት። የመጀመሪያው መሥመር ግን «ከደጃችን እስከ መኪና መንገድ» የሚል ይሁን።